ቁጥር 71 ፍላስክ እና የመጀመሪያው እጥበት

የምስክር ስም፦ በማኅደሩ ሽፋን ላይ ተመዝግቧል። በሥራ ቦታዋ «እትዬ ብርጭቆ» ተብላ ትጠራለች
ዕድሜ፦ 52
የትምህርት ደረጃ፦ 7ኛ ክፍል
ሥራ፦ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ
አድራሻ፦ ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 17፣ ከታናሽ እህቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10 ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ከላቦራቶሪ ተሰረቀ የተባለ መርዝ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ጣቢያ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ቃል ተቀባዩ መርማሪ «ልጄ» እያልኩ እንዳልጠራውና ከጉዳዩ እንዳልወጣ አሳስቦኛል። እሞክራለሁ ብያለሁ። ታናሽ እህቴ አብራኝ መጥታ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ውጭ ትጠብቅ ሲባል እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ ስላልኩ እንድትቆይ ተፈቅዶላታል።

በላቦራቶሪው ዕቃ ሳጥብ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ኬሚስቶቹ የሠሩበትን ፍላስክ የሚባለውን የመስተዋት ጠርሙስ፣ ቱቦ፣ ማጥለያ ሁሉ አጥቤ፣ አድርቄ ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እኛ ጋ የሚሠራው የባሕር መርዝ ስለሆነ እንደ ማጀት ዕቃ ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ መንከር የለም።

የባሕር መርዝ ስል መርማሪው ብዕሩን አቁሞ ስላየኝ ላስረዳ። ባሕር ውስጥ ብቻውን ለዓይን የማይታይ ደቃቅ አልጌ አለ። ውሃው ሞቆ ሲበዛ ዛጎል ለባሾቹ የባሕር እንስሶች ይበሉታል። እነሱን ምንም አያደርጋቸውም፤ እነሱን የበላ ሰው ግን ይታመማል፣ ሲከፋም ይሞታል። ስለዚህ ከባሕር ወጥቶ ለገበያ የሚቀርበው ሁሉ ይመረመራል። ለመመርመር ደግሞ ማመሳከሪያ የሚሆን ንጹሕ መርዝ የግድ ነው። ከባሕሩ እናውጣው ቢባል የጭነት መኪና ሙሉ ዛጎል ተፈጭቶ የሚገኘው አንዲት የጨው ቅንጣት አያህልም። ስለዚህ እኛ ጋ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሰው እጅ ይሠራል። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ጠብታ ናት የነገረችኝ።

ጠብታ የምላት አሁን እናንተ ጋ ታስራ ያለችውን ኬሚስት ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ገና በመጣች ሰሞን አንድ ባልዲ የሚያህል ፈሳሽ ላይ አጎንብሳ ጠብ፣ ጠብ ስታደርግ ሁለት ቀን ሙሉ አይቼ «ምነው አንዴ ገልብጠሽው ብትገላገዪ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ሰንሰለት ነው የምሠራው» አለችኝ። «አንዱን ካንዱ እያያያዝኩ ሰባ ጊዜ እቀጥላለሁ። ሰባ አንደኛው ላይ ጫፍና ጫፉን አገናኛለሁ። ሰንሰለት ሆኖ ከቀረ ምንም አይሠራም፤ ቀለበት ሲሆን ነው መርዝ የሚሆነው።»

«እና ማገናኘት ይሄን ያህል ያስቸግራል?»

«ቤት ከጠበበው የራሱን ጭራ ትቶ የጎረቤቱን ይይዛል። ስለዚህ ሰፊ ቤት እሰጠዋለሁ፤ በዚህ ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ። ያኔ ዞር ዞር ብሎ ሰው ሲያጣ የራሱን ይነክሳል።»

ስድስት ዓመት ፈጀባት። በስድስት ዓመት ውስጥ አግብታ ፈታች፣ እናቷን ቀበረች፣ ድመት አሳደገች። ቀለበቱ ግን እምቢ ይላት ነበር። «ለጣቴ ያልበረከተልኝን ቀለበት ለፍላስክ ካልሠራሁ» እያለች ራሷ ላይ ትስቅ ነበር። ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። እኔ ስድብ ሳስተምራት እንኳ መጨረሻው ላይ «ይቅርታ» ትጨምርበት ነበር። መርዝ ሰረቀች ስትሉ ቀድማችሁ እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህን እነግራችሁ ነበር።

አንድ ነገር ግን በደንብ አስተምራኛለች። እኛ ጋ የመጨረሻው ሥራ ሲያልቅ ፈሳሹ ተኖ ይሄድና መርዙ ፍላስኩ ሆድ ላይ ይለጠፋል። ሰው መነጽር ላይ ሲተነፍስ የሚቀረውን ጉም የመሰለ ነገር ነው። ሲደርቅ እሱም አይታይም። ስለዚህ ባዶ የሚመስል ፍላስክ ሲገኝ ቁጥሩ ይታያል እንጂ በዓይን አይፈረድም። እንዲህ ያለ ፍላስክ ሲታጠብ የመጀመሪያው እጥበት በአሴቶን ነው፤ ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ማለት ነው። መስተዋቱ ላይ ያለው ሁሉ በዚያ ሟሙቶ ይወርዳል። ይህን የመጀመሪያ እጥበት እኔና እህቴ «እንገር» እንለው ነበር። እንገሩ በረኪና ያለበት ጀሪካን ውስጥ ይገባል። በረኪናው መርዙን ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሳሙናና ውሃው።

እኔና እህቴ ያልኩት እሷም እዚያው አብራኝ ትሠራ ስለነበር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስናጥብ ኖረናል። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ውጭ ነው ብሎኛል። ከጉዳዩ ውጭ አይደለም፤ ጉዳዩ የጀመረው ከዚህ ነው። ይህ ካልተጻፈ የመርዙን መገኛ አልናገርም ስላልኩ እንዲጻፍ ተደርጓል።

ሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ማጠቢያ ክፍላችን ገባ። እኛ «ዋናው» እንለዋለን። በእጁ ሥራ ከሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለቢሮው ንጹሕ ፍላስክ ፈልጎ ነበር። ከጠብታ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር 40 የተጻፈበትን አንስቶ በውስጡ ያለውን ቀለም የሌለው ፈሳሽ ውሃ መስሎት ገንዳው ውስጥ ደፋውና «እጠቢልኝ» ብሎ ለእህቴ ሰጣት። የተደፋው የጠብታ የአሥራ አንድ ወር ሥራ፣ ሰንሰለቱ አጋማሽ ላይ የደረሰው ነበር። እኔ በሁለተኛው ገንዳ ላይ ነበርኩ። በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ ሲፈነዳ ዋናው «አጣቢዋ በግዴለሽነት አጥባዋለች» አለ። እኔም ቢሮ ተጠራሁ። «ማን እንደደፋው አይተሻል?» ተባልኩ። «አላየሁም» አልኩ። ሁለታችንም ከተባረርን ቤቱን ማን ይይዘዋል ብዬ ነው። እንዲህ እላለሁ እንጂ እውነቱ ፈርቼ ነው። እህቴ «በግዴለሽነት» የሚል ደብዳቤ ይዛ ወጣች። ያንን ቃል ያየ ላቦራቶሪ ሁሉ በሩን ዘጋባት። ቤታችን ውስጥ ዛሬ አንድም የመስተዋት ብርጭቆ የለም፤ ሁሉንም ለጎረቤት ሰጠችው። በቆርቆሮ ኩባያ ነው የምንጠጣው። እንግዳ ሲመጣ «ብርጭቆ ይሰበርብናል» ትላለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰብራ አታውቅም።

ለምን አላየሁም አልሽ ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ በወጣች በሳምንቱ ዋናው ማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈ። እስከ ዛሬ ተለጥፎ አለ፤ ሄዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። «ቀይ ትሪ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ያለ ጥያቄ ይታጠባል። ቀይ ትሪ ላይ ያልተቀመጠ አይነካም። ዕቃውን ያስቀመጠ ሰው ቁጥሩን በመዝገብ ጽፎ ይፈርማል» ይላል። ከሥሩ እኔን አስፈረመኝ። ስፈርም «አንቺ ሴትዮ፣ የአንቺ ሥራ ማጠብ ነው፤ ማሰቡን ለኛ ተዪልን» አለኝ።

እኔም ተውኩለት።

የመፈረሚያው መዝገብ ካርቦን ያለው ጥራዝ ነው። ነጩ ገጽ ጥራዙ ላይ ይቀራል፤ ሥሩ ያለው ቢጫ ቅጂ የእኔ ነው። ዋናው ዕቃ አስቀምጦ ስለማያውቅ ቢጫ ቅጂ እንዳለ አያውቅም። እኔ በየቀኑ እየቀደድኩ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሬያለሁ። እህቴ «ይሄን ሁሉ ወረቀት ምን ልታደርጊው ነው?» ስትለኝ «እሳት ማያያዣ» እላታለሁ። ለማን እሳት እንደሆነ አልነገርኳትም።

ወደ አሁኑ ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ በወሩ 9ኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብታ ማጠቢያ ክፍል እየሮጠች ገብታ ጓንቷን ሳታወልቅ ልታቅፈኝ ስትል ጮህኩባት። ቀለበቱ ገጥሞላት ነበር። ወስዳ አሳየችኝ። ቡጢዬን የምታህል ክብ ፍላስክ ናት፤ አንገቷ ላይ በነጭ ፕላስተር በጠብታ እጅ «71» ተጽፏል። «የታለ?» አልኳት። «እሱ ነው እትዬ፤ አራት ሚሊግራም። ስድስት ዓመቴ እዚህ ውስጥ ነው» አለችኝ። ባዶ ፍላስክ ስታይ የምታለቅስ ሴት ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ዋናው ቢሮ ገብታ ስትወጣ ግን ፊቷ ሌላ ነበር። በሩ ስስ ስለሆነ ተሰምቶኛል። ዋናው «ጽሑፉ በእኔ ስም ይወጣል፤ አንቺ ረዳት ተብለሽ ትጠቀሺያለሽ» ሲላት «ሰባ አንዱንም የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችው። «ላቦራቶሪው የማን ነው?» አላት። እሷም በሩን ዘግታ ወጣች። መዝጋቷ ብቻ ነው፤ አላጋጨችውም። ዋናው ለእናንተ «ዝታብኝ ወጥታለች» ብሎ ያስመዘገበው ይህንን ነው።

ሰኞ በወሩ 11ኛ ቀን ጠብታ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በሌላኛው ሕንፃ መለኪያ ማሽኑ ላይ ተራ ይዛ ነበር። ስትወጣ «71ን ጭስ መምጠጫው ሳጥን ውስጥ ትቼዋለሁ፤ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ብላኝ ሄደች። 4፡20 ሲሆን ዋናው አምስት እንግዶች አስከትሎ ገባ። ሥራውን አይተው ለላቦራቶሪው መስፋፊያ የሚፈቅዱ ትላልቅ ሰዎች ናቸው ተብሏል። ሁሉም አፍንጫቸውን ሸፍነው ነበር። እኔ ትሪ ልሰበስብ ገብቼ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ዋናው «እንግዲህ ይህ ነው፤ በገዛ እጄ የዘጋሁት ቀለበት» ብሎ 71ን ከሳጥኑ አነሳ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ከእንግዶቹ አንዷ ቀረብ ብላ «የቱ ጋ ነው?» አለች። ዋናው ፍላስኩን አዞረው፣ ደግሞ አዞረው። ምንም አልታየውም። ጆሮው ሲቀላ ከጥግ ሆኜ አይቻለሁ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ይሄ ባዶ ነው፤ ሴቶቹ ዕቃ ቦታው አይመልሱም» አለና አጠገቡ የነበረውን ሌላ ፍላስክ አነሳ። እሱ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። «ይኸውላችሁ!» አለ።

ያ ነጭ ዱቄት እርጥበት የሚመጥ ጨው ነው። በኪሎ በከረጢት ነው የሚገባልን፤ እኔ ራሴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከወለሉ ላይ እጠርገዋለሁ። እንግዶቹ ትንፋሻቸውን ያዙ። አንዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ዋናው ጨውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው እንግዶቹ ጋ ይገኛል። ይህን ስናገር መርማሪው ስለሳቀ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጠናል።

71ን ደግሞ፣ ሳያየው፣ ቀይ ትሪ ላይ አስቀመጠው።

አንድ ዕድል ሰጥቼዋለሁ። ይህ በደንብ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ትሪውን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆምኩና «ጌታዬ፣ ይሄም ይታጠብ እንዴ?» አልኩት።

«ቀይ ትሪው ላይ አይደለም ወይ?»

«ነው።»

«ማስታወቂያውን ማንበብ አትችይም?» አለኝና ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ይሄንን ነው» አላቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መዝገቡን አቀረብኩለት። «ይፈርሙልኛ፤ ቁጥሩንም በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ የኔ ጽሕፈት አይነበብም» አልኩት። ፕላስተሩን አይቶ «ባዶ ፍላስክ 1፣ ቁጥር 71» ብሎ ጻፈ፤ ረጅሙን ፊርማውን አሳረፈበት። ሰዓቱ 4፡35 ነበር።

ሙሉ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽውም ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ማሰቡን እንድተውላቸው በጽሑፍ ፈርሜያለሁ። ይህ የመጀመሪያው መልሴ ነው። እውነተኛው መልስ ግን እህቴን ያስባረረውን ስህተት ራሱ፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ ፊርማ ሲደግመው ሳይ ደስ ስላለኝ ነው።

ቢሆንም የጠብታን ስድስት ዓመት በረኪና ውስጥ የምጨምር ሴት አይደለሁም። ማጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ድርብ ጓንት አጠለቅሁ። ፍላስኩን በአሴቶን ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት፤ እንገሩን አንዲት ጠብታ ሳይቀር በንጹሕ ቡናማ ጠርሙስ ተቀበልኩ። ክዳኑን አጥብቄ «71፣ የመጀመሪያ እጥበት፣ ሰኞ 4፡50» ብዬ ጻፍኩበት። ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አሴቶኑን የሚያተን ሰው መልሶ ያገኘዋል። ከዚያ ፍላስኩን ማስታወቂያው እንደሚያዘው በሳሙናና በውሃ አጠብኩ፣ አደረቅሁ።

ያሰብኩት ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ዋናው ደንግጦ ሲያነፈንፍ ይዋል፣ እንግዶቹ ሳይሄዱ ጠርሙሱን ፊታቸው ላይ አስቀምጬ «ጌታዬ፣ ባዶ ያሉት ይኸውልዎ» ልለው ነበር። 6፡15 ላይ ጠብታ ተመልሳ ሳጥኑን ስታይ ጮኸች። ልነግራት ወደ እሷ ስሄድ ዋናው ቀደመኝ። ቁጥሩን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ማጠቢያ ክፍሌ ገባ። በበሩ መስተዋት አየሁት። መዝገቡን ገልጦ የሰኞን ነጭ ገጽ ቀደደና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሲወጣ «እኔ ጠዋት መርዝ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛው ካዝና ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ እኔና አንቺ ጋ ብቻ ነው» አላት።

በዚያች ደቂቃ ሐሳቤን ለወጥኩ። ሰውዬው በገዛ እጁ ጉድጓድ መቆፈር ጀምሯል። አካፋውን አልቀማውም አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እናንተ ጋ መጥቶ ክስ አቀረበ። 8 ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ጠብታን ወሰዷት። በአጠገቤ ስታልፍ «እትዬ፣ ድመቴን አደራ» አለችኝ። ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አንዴ ብቻ የፈረመ ሰው «ደንግጬ ነው፣ ተምታቶብኝ ነው» ብሎ ያመልጣል። ዋናው ሲያመልጥ አንዴ አይቻለሁ።

ረቡዕ በወሩ 13ኛ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ዋናው ሠራተኛውን ሁሉ ስብሰባ ጠራ። ጠብታን ከሥራ ለማሰናበት ነው። ለእናንተ የሰጠውን ቃል ከወረቀት አነበበልን። ሲጨርስ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለ። እጄን አወጣሁ። በአሥራ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ጌታዬ፣ እኛ የማጠቢያ ክፍል ሰዎች እንዳንጠረጠር ብዬ ነው። ፍላስኩን ከሳጥኑ አንስተው ካዝናው ውስጥ የቆለፉት በራስዎ እጅ ነው?»

«በራሴ እጅ!»

«ቀይ ትሪ ላይ ቁጥር 71 የሚባል ዕቃ አልተቀመጠም?»

ኪሱን በእጁ ዳበስ አደረገ። ወረቀቱ እሱ ጋ መሆኑን አስታውሶ መሰለኝ ፊቱ ፈታ አለ። «በፍጹም አልተቀመጠም» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እንግዲህ ይጻፍልንና እኛም እንረፍ» አልኩት። በቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ በአሥራ አንድ ሰው ፊት ፈረመ። ያን ዕለት ለጠብታ ድመት ዓሣ ገዛሁላት።

ዛሬ ጠዋት ቢጫውን ቅጂ ከቆርቆሮው አውጥቼ ለእህቴ ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት። አንብባ ስትጨርስ ጫማዋን አደረገች።

ጠብታ ሁለት ሌሊት ስትታሰር ዝም ያልሽው ለበቀል ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አዎ፣ ለበቀል ነው። እሷ ምንም አታውቅም። ጠርሙስ መኖሩንም አታውቅም። ስድስት ዓመቷ ገንዳ ውስጥ የገባ መስሏት ነው ሁለቱን ሌሊት ያደረችው። ይህንን በደል ለእሷ ሠርቻለሁ፤ እሷ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእሱ ግን አልጠይቅም። የመጀመሪያውን እጥበት ወደ በረኪናው ባለመጨመሬ ደንብ ጥሼ ከሆነና የምከሰስ ከሆነ ልከሰስ። ከዋናው ጎን ካስቀመጣችሁኝ ደግሞ ወንበሩን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት «አላየሁም» ያልኩት ሐሰት መሆኑን፣ ቁጥር 40ን የደፋው ዋናው መሆኑን፣ እህቴ ትእዛዝ ተቀብላ ባዶ ፍላስክ ማጠቧን ዛሬ በዚህ ጣቢያ አረጋግጣለሁ። ይህን ስናገር እህቴ ከአግዳሚው ላይ «አይተሽ እንደነበር አውቅ ነበር እትዬ፤ አጠገቤ ነበርሽ'ኮ» ብላለች። እሷ ምስክር ስላልሆነች አይጻፍም ተብሎ ነበር። እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

መርዙ የሚገኘው በማጠቢያ ክፍሉ የመርዛማ ቆሻሻ ማቆያ ፍሪጅ ውስጥ፣ በታችኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሦስተኛው ቡናማ ጠርሙስ ነው። ፍሪጁ ተቆልፏል፤ ለማንም አያሰጋም። ዋናው ሁለት ቀን ሙሉ ሕንፃውን ሲያስፈትሽ ያንን ፍሪጅ አላስከፈተውም። የአጣቢ ፍሪጅ ነዋ። ጠርሙሱን ጠብታ ራሷ ካልሆነች ማንም እንዳይከፍተው አደራ እላለሁ። ሌላው አይችልበትም።

ሦስት ነገር አስረክቤያለሁ። አንደኛ የፍሪጁ ቁልፍ፤ ሁለተኛ በዋናው እጅ «ባዶ ፍላስክ 1፣ ቁጥር 71» ተብሎ የተፈረመበት ቢጫ ቅጂ፤ ሦስተኛ ፍላስኩ ራሱ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ፕላስተሩን አላነሳሁትም። ዋናው ሲጠራ ይህንን ፍላስክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ ብላችሁ እንድትጠይቁት እፈልጋለሁ። መልሱንም አስፈርሙት። አሁን ለእውነት ባዶ ነው፤ እኔ አጥቤዋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። አንድ ቦታ ላይ «ፍላስኩን በስህተት አጥቤ» ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁት እንዲሰረዝ አድርጌ «እያወቅሁ» በሚል አስተካክያለሁ። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ያየሁትን አላየሁም ያልኩበት ጊዜ ስለነበር፣ ይህኛው ያየሁት ሁሉ መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉ ሲነበብ የነበረ እማኝ፦ የምስክሯ ታናሽ እህት፣ የቀድሞ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ (ተፈርሟል)። «የቀድሞ» የሚለው ቃል በፈራሚዋ ጥያቄ ተሰርዟል።

ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡25